የሠራተኞች መዝገብና የመጋዙ ሰው

የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ኮልፌ ውስጥ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ተቀጠርኩ። የቀጠሩኝ ሰው ጸሐፊ ፈልገው አልነበረም። ደብዳቤ መጥቶባቸው ነው።

የሥራ ቤቱ ባለቤት ገና በጎረምሳነታቸው ከጉራጌ አገር በእግራቸው የመጡ ሰው ነበሩ። መርካቶ ዕቃ ተሸክመዋል፣ ሣጥን ሠርተው ሸጠዋል፤ በኋላ አንድ ጣሊያን ወደ አገሩ ሲመለስ የሸጠላቸውን የመጋዝ ማሽን ኮልፌ አምጥተው ተከሉ። እኔ ስደርስ በርና መስኮት፣ አልጋና ቁም ሣጥን የሚሠሩ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ነበሯቸው። ማንበብ ግን አይችሉም። የሚያውቁት ፊርማቸውን ብቻ ነው፤ እሱንም ሲጽፉ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ።

ደብዳቤውን ሦስት ሳምንት ከግድግዳው ሰዓት ሥር ሰክተው አኖሩት። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የመጣ ባለማኅተም ወረቀት ካልተነበበ ጣጣ አያመጣም የሚል እምነት ነበራቸው። ሚስታቸው ግን ነገሩ እንቅልፍ ነሥቷቸው በእድር ቀን ለእናቴ አጫወቷት። እናቴም፣ «የኔዋ ታነብላቸዋለች፤ ዘጠነኛ ክፍል ጨርሳ ቤት ተቀምጣለች» አለች። በማግሥቱ ሄድኩ።

ደብዳቤውን ቆሜ ጮክ ብዬ አነበብኩት።

«ምን አለ?» አሉኝ።

«እንደገና ላንብበው ጋሼ።»

ሦስት ጊዜ ካነበብኩት በኋላ የገባኝ ይህን ያህል ነው። ማንኛውም አሠሪ ሠራተኞቹን ሁሉ በመዝገብ ጽፎ መያዝ አለበት፤ ስማቸውን ከነአባትና ከነአያት፣ ዕድሜያቸውን፣ የተቀጠሩበትን ቀን፣ የሚሠሩትን ሥራ፣ ፈቃድ የወጡበትንና የታመሙበትን ቀን። ሠራተኛ በሥራ ላይ ጉዳት ከደረሰበት አሠሪው ሳምንት ሳይሞላ ለመሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ ያስታውቃል። ተቆጣጣሪ ሲመጣ መዝገቡን ያሳያል። ያላደረገ ይቀጣል።

ባለቤቱ ማኅተሙን በጣታቸው ነካኩት። «እኔ ሰዎቼን አውቃቸዋለሁ» አሉ። «ማን እንደታመመ፣ ማን ሚስቱ እንደወለደች አውቃለሁ። ይህን መንግሥት ምን ያደርግለታል?»

ዛሬም ቢጠይቁኝ አጣርቼ አልመልስላቸውም ነበር።

«በይ ልጄ፣ ሰዎቼን ጻፊልኝ» አሉኝ። ሥራዬ የተጀመረው በዚህ ነው። ከመርካቶ ጠንካራ ሽፋን ያለው ትልቅ ደብተር ገዛሁ፣ በማስመሪያ ዓምድ በዓምድ አሰመርኩት። ለጣት አሻራ የሚሆን ቀለምም ገዛሁ። በሰጋቱራና በኮላ ሽታ መሀል፣ ከኮምፔርሳቶ በተሠራች ቢሮ ተብዬ ውስጥ ተቀመጥኩ፤ ጃንሆይ ከግድግዳው ላይ ይመለከቱኛል። ጊዜው ክረምት ነበር፤ ቆርቆሮውን ዝናብ ሲመታው የሚነግሩኝን ለመስማት አፋቸውን እያየሁ ነበር የምጽፈው።

ሁለት ቀን ይበቃል ብዬ ነበር። ሦስት ሳምንት ወሰደብኝ።

መጀመሪያ ስም ያስቸግራል ብዬ አልጠበቅኩም። አንዱ እናቱ የምትጠራው ስም አለው፣ ክርስትና ሲነሣ የወጣለት ስም አለው፣ ሥራ ቤቱ ያወጣለት ስም አለው። «የትኛውን ልጻፍ?» ስለው፣ «አንቺ ደስ ያለሽን» ይለኛል። ዕድሜ ደግሞ ከዚህም ባሰ። ሽማግሌው ዋና አናጢ ዕድሜያቸውን ስጠይቃቸው መላጊያቸውን አስቀምጠው በቁም ነገር አሰቡና፣ «ጣሊያን ሲገባ ሚስት ለማግባት እያሰብኩ ነበር» አሉኝ። በዓምዱ ውስጥ ቁጥር እንጂ ሐሳብ አይጻፍም። እኔ ገምቼ ጻፍኩ። የተቀጠሩበት ቀንም እንደዚሁ፤ «ዝናቡ ያጠፋን ዓመት» ይሉኛል፣ «ያ ትልቁ ቤት በሩን ያሠራ ጊዜ» ይሉኛል።

ሠራተኛ የሚለው ቃልም አደናገረኝ። በየቀኑ ጠዋት መጥታ ሥራ ቤቱን ጠርጋ ሰጋቱራውን በጆንያ ይዛ የምትሄድ አንዲት ሴት ነበረች፤ ለማገዶ ትሸጠዋለች። ደመወዝ የላትም። ግን እሷ አንድ ቀን ብትቀር ሰዉ በሰጋቱራ ይዋጣል። ባለቤቱን ስጠይቃቸው፣ «እሷ ሠራተኛ አይደለችም፣ ሰው ናት» አሉኝ። ዋናው አናጢ፣ «ከሁላችንም በላይ የምትሠራው እሷ ናት» አሉኝ። እኔ በእርሳስ ጻፍኳት። ተቆጣጣሪ ቢመጣ ላጠፋትም ልተዋትም እንድችል ነው።

ከሁሉ የቀለለኝ የመጋዙ ሰው ነበር። መጋዙ አንድ ነው፣ የሚሠራበትም አንድ ሰው ነው። ባለቤቱን «መጋዝ ላይ ስንት ሰው አለ?» አልኳቸው፤ «አንድ» አሉኝ። ሰውየው ሠላሳ ዓመት የሚሆነው፣ ከወልቂጤ ወዲያ በእግር ግማሽ ቀን ከሚያስኬድ አገር የመጣ፣ ሳቂታ ሰው ነው። ስሙን ከነአያቱ ሳያመነታ ነገረኝ። አራት ዓመት እንደሠራ ነገረኝ። የቀኝ አውራ ጣቱን ቀለም አስነክቼ ከስሙ ጎን አሳተምኩት፤ አሻራው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያቋርጥ ነጭ መስመር ወጣ። ጠባሳ ነበረው። «እህቴ፣ ጽሕፈትሽ ያምራል፤ የኔን ስም ከሌላው አስበልጠሽ ጻፊው» ብሎ አሳቀኝ። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት በመስኮቴ በኩል ሲያልፍ አንድ ነገር ሳይለኝ አያልፍም።

መስከረም ሲጠባ የጉራጌ ልጆች ሁሉ ለመስቀል አገራቸው ገቡ። ሥራ ቤቱ ግማሹ ባዶ ሆነ። እኔም ፈቃድ በሚለው ዓምድ ስማቸውን እየፈለግሁ ጻፍኩ፤ ያ ዓምድ ሲሞላ የመጀመሪያው ጊዜ ስለነበር ኮርቼበታለሁ። ከመስቀል በኋላ አንድ በአንድ ተመለሱ። የመጋዙም ሰው ተመለሰ።

ግን ነገሩ ልክ አልመጣልኝም። በመስኮቴ ሲያልፍ አቀርቅሮ ነው። «እንኳን ደህና ገባህ፣ እናትህ ተሻላቸው?» ብዬ ጠየቅሁት፤ ከመሄዱ በፊት እናቱ እንደታመሙ ነግሮኝ ነበር። ደንግጦ አየኝ። «ደህና ናት» አለና ሄደ። ከስቷል። ቁመቱም ያጠረ መሰለኝ፤ ሰው ደግሞ አያጥርም። አገር ቤት አንድ ነገር ገጥሞት ይሆናል ብዬ ተውኩት። ሌሎቹ እንደ ወትሯቸው በዚያው ስም ይጠሩታል። ነገሩ የሚደንቀው እኔን ብቻ ከሆነ ያበድኩት እኔ ነኝ ማለት ነው። እናቴን ማታ ራት ላይ ነገርኳት፤ «ሰው አገሩ ደርሶ ሲመለስ እንደዚያ ነው፤ ነፍሱ ቶሎ አትከተለውም» አለችኝ። በዚህ ተጽናናሁ።

ኅዳር ውስጥ አንድ ጠዋት መጋዙ ድንገት ዝም አለ። ማሽኑ ሲጠፋ ቀስ እያለ ነው የሚቆመው። ያን ዕለት ግን አንድ ሰው መጋዙን የሚያዞረውን ቺንጊያ በእንጨት መትቶ ጥሎት ኖሯል። ስወጣ ሰዎች ከበው ቆመዋል። ባለቤቱ ጋቢያቸውን አውልቀው የመጋዙን ሰው እጅ ጠቅልለዋል፤ ጋቢው ይቀላል። እሱ አልጮኸም፤ ፊቱ ነጭ ሆኖ ሰጋቱራው ላይ ተቀምጧል። አንዱ ሮጦ ከጦር ኃይሎች በኩል ታክሲ አመጣ፣ ባለቤቱ ራሳቸው ይዘውት ሆስፒታል ሄዱ። ከቀኝ እጁ አመልካች ጣቱና መሀል ጣቱ ሄደው ነበር።

ባለቤቱ ከሰዓት በኋላ ተመለሱ። ልብሳቸውን ሳይቀይሩ ቢሮዬ ገቡ። «ያ ደብዳቤ ስለ ጉዳት ምን ነበር ያለው?» አሉኝ። ደብዳቤውን አውጥቼ ያንን ቦታ አነበብኩላቸው። «እንግዲህ ጻፊዋ» አሉኝ። ከደብዳቤው ጋር የመጣው የጉዳት ማስታወቂያ ቅጽ የተጎዳውን ሰው ቃልና አሻራ ይጠይቃል። በሦስተኛው ቀን መዝገቡን በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ ቀለሜን ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ።

አልጋው ላይ ቁጭ ብሏል። እጁ እስከ ክንዱ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ አውራ ጣቱ ብቻ ወጥቷል። እንዴት እንደተጎዳ ጠየቅሁት፤ እንጨቱ ቋጠሮ ነበረበት፣ ሲገፋው አመለጠው። ጻፍኩ። እንዳላሳምመው እየፈራሁ አውራ ጣቱን ቀለም አስነክቼ ቅጹ ላይ አሳተምኩ። ከዚያ ልክ መሆኑን ለማየት መዝገቡን ገለጥኩ።

መስመሩ የለም። በክረምት ያሳተምኩት አሻራ ላይ ያ ነጭ መስመር አለ፤ አዲሱ ላይ ግን የለም። እንደገና አሳተምኩት። የለም። ጠባሳ በሦስት ወር ይጠፋል እንዴ ብዬ አሰብኩ። ከዚያ እጁን ይዤ አውራ ጣቱ ላይ ጠባሳውን በዓይኔ ፈለግሁ።

«ጠባሳህ የት ሄደ?» አልኩት።

ጎኑ ያለው በሽተኛ ፊቱን ወደ ግድግዳው እስኪያዞር ጠበቀ።

«እሱ ነው ጠባሳ ያለው» አለኝ። «ልጅ ሆነን ማጭድ የቆረጠው ነው።»

«ማን?»

«ወንድሜ።»

ከዚያ ቀስ ብሎ፣ እያንዳንዱን ቃል እንደሚከፍልበት ሰው እየቆጠበ ነገረኝ። ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። ሥራው አንድ ነው። መሬታቸውም አንድ ነው፤ እንሰቱን የሚጠብቅ ወንድ ያስፈልጋል። ከመስቀል እስከ ፋሲካ እሱ መጋዝ ላይ ነው፤ ከፋሲካ እስከ መስቀል ታላቁ። መጀመሪያ የተቀጠረው ታላቁ ነበር። ትንሹ በታላቁ ምትክ ሲመጣ ስሙን ጠየቁት፤ ሌላ ስም ቢናገር የሚያባርሩት ስለመሰለው የወንድሙን ስም ተናገረ። ከዚያ ወዲህ ሥራ ቤት ሲገባ በዚያ ስም ነው የሚጠራው።

መዝገቡን ዘጋሁት። ወደ ኮልፌ ስመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ተቀምጬ የማስበው አንድ ነገር ነው፤ እኔ በክረምት የጻፍኩት ሰው አልተጎዳም፣ የተጎዳውን ሰው ደግሞ አልጻፍኩትም። ፌርማታዬን አልፌ ወርጄ ወደ ኋላ በእግሬ ተመለስኩ።

ባለቤቱን ከዋናው አናጢ ጋር አገኘኋቸው። የሰማሁትን ነገርኳቸው። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር።

«ጋሼ፣ ሁለት እንደሆኑ ያውቁ ነበር?»

«እንዴት አላውቅም? ትልቁ ይስቃል፣ ትንሹ አይስቅም።»

«ታዲያ እኔ ስጽፍ አንድ ነው አሉኝ።»

«መጋዝ ላይ ስንት ሰው አለ አልሽኝ፤ አንድ አልኩሽ። ሁለት ሰው ባንድ መጋዝ ላይ ይቆማል? ውሸት ነው?»

ውሸት አልነበረም፤ እውነትም አልነበረም። ባለቤቱ ነገሩ እንዳልገባኝ ሲያዩ አጠገባቸው ያለ ጣውላ ላይ አስቀመጡኝ። «እኔም ከወንድሜ ጋር እንደዚያው ነበርኩ» አሉኝ። «መርካቶ አንድ የተሸካሚ ቦታ ነበረን። እሱ ሲመጣ እኔ አገር ቤት እገባለሁ። ማን ነህ ብሎ የጠየቀን የለም። አንድ እንጀራ ነው ለሁለት ቤት። ይህ ነውር አይደለም ልጄ።»

«ነውር አላልኩም፤ ግን ማንን ልጻፍ?»

ዋናው አናጢ ጣልቃ ገቡ። «ያለውን ስም ጻፊ» አሉ። «ስም አንድ፣ ጉዳት አንድ። ሁለት ናቸው ብለሽ ብትጽፊ አታለሉ ይባላሉ፤ ሁለቱም እንጀራቸውን ያጣሉ።»

ሦስት ቀን አሰብኩበት። ሳምንቱ ሊሞላ አንድ ቀን ቀርቶታል። በመጨረሻ የታላቁን ወንድም ስም ጽፌ፣ የትንሹን አሻራ ያለበትን ቅጽ ፈርሜ ላክሁት። እያወቅሁ ነው። ዕድሜዬ ያን ያህል ስለነበር ነው ልል እችላለሁ፤ ግን ልክ አለመሆኑን አውቅ ነበር፣ ልክ የሚሆነው ምን እንደሆነ ብቻ ነው ያላወቅሁት።

በዚያው ሳምንት ታላቁ ወንድም ወሬ ደርሶት በአውቶቡስ መጣ። ሆስፒታል ሄዶ ወንድሙን አየ፣ አለቀሰ፤ በማግሥቱ ጠዋት መጥቶ መጋዙ ላይ ቆመ። ሌሎቹ በዚያው ስም እየጠሩ ጣውላ አቀረቡለት። በመስኮቴ ሲያልፍ ቆሞ ሰላም አለኝ፤ አልሳቀም።

ተቆጣጣሪው የመጣው ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው። በመኪና ይመጣል ብለን የፈራነው ሰው ጃንጥላ ይዞ፣ ጫማው አቧራ ለብሶ ከአውቶቡስ ፌርማታ በእግሩ መጣ። ቀጭን፣ ድካም የሚታይበት ሰው ነው። ውሃ ለመነ፣ ጠጣ፣ መዝገቡን ጠየቀ። ገጽ በገጽ አየው። በእርሳስ የተጻፈችው ሴት ስም ላይ ቆም አለና ቅንድቡን አነሣ፤ አለፋት። ከዚያ፣ «ጉዳት የደረሰበት ሰው ሆስፒታል ነው?» አለ።

እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት ከሥራ ቦታው አንድ ሰው የመጋዙን ሰው በስሙ ጠራ። ተቆጣጣሪው የያዘውን ቅጽ አየ። ተነሥቶ ወደ መጋዙ ሄደ፤ እኔና ባለቤቱ ተከተልነው።

«ስምህ ማን ነው?» አለው።

ታላቁ ወንድም ነገረው።

«እጅህን አሳየኝ።»

ሁለት እጁን ዘረጋ። አሥር ጣት። ተቆጣጣሪው ቆጠራቸው፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ቅጹን እንደገና አነበበ።

«በዚህ ወረቀት መሠረት ሁለት ጣትህ ተቆርጧል።»

«የወንድሜ ነው ጌታዬ።»

«ወንድምህ ማን ይባላል?»

ሰውየው ወደ ባለቤቱ አየ፣ ወደ እኔ አየ። «እዚህ ነው ወይስ አገር ቤት?» አለ።

ከሠራተኞቹ አንዱ ሳቀ፤ ሌላው በክርኑ ጎሸመው። ተቆጣጣሪው አልሳቀም። ባለቤቱ ሊያስረዱት ጀመሩ፣ ስለ መጋዙና ስለ አንድ እንጀራ፤ እሱ ግን የሚያየው እኔን ነበር። ፊርማው የኔ ነው።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አልኩ። «ሁለት ሰው መሆናቸውን ሆስፒታል ነው ያወቅሁት። ሪፖርቱን የላክሁት ካወቅሁ በኋላ ነው።»

ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅሁ። ጣውላ ላይ ቁጭ አለና ጃንጥላውን ጉልበቱ ላይ አጋደመ።

«ስሚኝ» አለኝ። «ይህን መዝገብ ለኛ ብለን የምናስጽፍ አይምሰልሽ። አለቃዬ እንኳ ገልጦ አያየውም። አሁን እኚህ ሰውዬ ደግ ናቸው፣ ሁሉን ያውቃሉ። ነገ ባይኖሩስ? ያ ሆስፒታል የተኛው ሰው፣ እዚህ ሠርቻለሁ፣ ጣቴን ያጣሁት እዚህ ነው ቢል ማን ያምነዋል? መዝገቡ ላይ የለም። መዝገቡ ላይ ያለው ደግሞ አሥር ጣት አለው።»

«ጋሼ አይክዱትም» አልኩ።

«ልጆቻቸውስ?»

ባለቤቱ አንገታቸውን ደፉ። ይህን እንዳላሰቡት ከፊታቸው ያስታውቃል።

«ታዲያ ምን ልጻፍ?» አልኩት።

ተቆጣጣሪው ራሱን አከከ። «እውነቱን ልንገርሽ፣ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም። ቅጹ ላይ ቦታ የለውም። ሁለት አድርገሽ ጻፊያቸው፤ ለእያንዳንዱ ግን የሠራበትን ጊዜ ለይተሽ። ማን ከመቼ እስከ መቼ።»

ትንሹ ከሆስፒታል ሲወጣ ሁለቱን ቢሮዬ አስቀመጥኳቸው። አጠገብ ለአጠገብ ሳያቸው እንዴት አንድ ሰው መሰሉኝ እያልኩ ተደነቅሁ፤ የሚመሳሰሉት በግንባራቸው ብቻ ነው። መስቀልና ፋሲካ እየጠራን ከመጀመሪያው ቆጠርን። የመጀመሪያው ዓመት፣ ታላቁ። ከመስቀል በኋላ ትንሹ። እንዲህ እያልን ስንሄድ አባታቸው የሞቱበት ጊዜ ላይ ደረስን፤ ከፋሲካ እስከ ክረምት መግቢያ።

«ያን ጊዜ አንተ ነበርክ» አለ ታላቁ።

«እኔ? እኔ አባባን ቀብሬ ሰልስት አውጥቼ እዚያው አልቆየሁም?»

«እኔስ የት ነበርኩ? አብረን አይደል የቆየነው?»

ተያዩ። ዋናውን አናጢ ጠራናቸው። መጋዙ ያን ወቅት ቆሞ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«መጋዙ አልቆመም» አሉ። «የትልቁን ቤት መስኮት የጨረስነው ያን ጊዜ ነው።»

«ማን ነበር ታዲያ?»

አሰቡ። «ሰው ነበር» አሉ። «እኛ በዚያው ስም ነበር የምንጠራው።»

ባለቤቱም አላስታወሱም። ወንድማማቾቹ የእህታቸውን ባል ጠረጠሩ፤ ሰውየው ጅማ ሄዶ ስለቀረ የሚጠየቅበት መንገድ የለም። ለሦስት ወር መጋዙ ላይ ቆሞ እንጨት የሰነጠቀ ሰው ስሙ ሳይታወቅ ቀረ። መስመሩን አሰመርኩ፣ ወራቱን ጻፍኩ፣ የስሙን ቦታ ባዶ ተውኩት። ተቆጣጣሪው በኋላ ሲያየው ቀና ብሎ አየኝና ገጹን ገለጠ።

ከዚያ ነው ትንሹ ወንድም የራሱን ስም የነገረኝ። በሥራ ቤቱ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የተናገረው፤ ድምፁ ዝቅ ያለ ስለነበር ሁለቴ አስደገምኩት። ጻፍኩትና አነበብኩለት። «እሱ ነው» አለኝ።

ነገሩ እስከ ሚያዝያ ተጓተተ። ወረቀቱ ሁለት ጊዜ ተመለሰብን፤ አንዱ መሥሪያ ቤት ሁለቱን ስሞች የአንድ ሰው ስም አድርጎ ይዞት ነበር፣ እኔም ሄጄ ለማስረዳት ስሞክር ራሴ ተምታታብኝ። በመጨረሻ የጉዳት ካሳው ለትንሹ ተወሰነለት። መጋዝ ላይ መቆም ስለማይችል ባለቤቱ በር ላይ አደረጉት፤ የሚገባውን ጣውላ ይቆጥራል፣ የሚወጣውን ያያል። በግራ እጁ እየተለማመደ ቁጥር መጻፍ ጀመረ፤ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ታላቁ መጋዙ ላይ ነበር።

ፋሲካ ሲደርስ አልተለዋወጡም። ትንሹ በር ላይ ያለው ሥራ የራሱ ስለሆነ አገር ቤት የሚገባበት ምክንያት አልነበረውም። ቤት ተከራየ፣ ሚስቱን አመጣ። እንሰቱን የሚጠብቅ ጠፋ። ሁለቱ ለብዙ ቀናት በጉራግኛ ሲነጋገሩ እሰማ ነበር፤ ቋንቋውን አላውቅም፣ ግን የሚጣሉ ሰዎች ድምፅ አልነበረም። የሚለምን ሰው ድምፅ ነበር፤ የሚለምነው የትኛው እንደሆነ መለየት አልቻልኩም።

ክረምት ሳይገባ ታላቁ ወንድም ሥራውን ለቀቀ። የሄደ ዕለት በመስኮቴ በኩል ቆመ።

«እህቴ» አለኝ፣ «አንቺን አልወቅስሽም። የታዘዝሽውን ነው የሠራሽው። ግን እኛ አንድ ነበርን። እሱ ሲሠራ እኔ ሠርቻለሁ፣ እኔ ሳርስ እሱ አርሷል። አሁን የሱ የሱ ነው፣ የኔም የኔ ነው።»

«ባልጽፈው ኖሮ እኮ ጣቱን በከንቱ አጥቶ ይቀር ነበር» አልኩት።

«እሱንም አውቃለሁ» አለኝ። «ሁለቱንም ነው የማውቀው። ለዚህ ነው ምን እንደምልሽ ያጣሁት።»

ዕቃውን ይዞ ወደ ጦር ኃይሎች በሚወስደው መንገድ ሄደ። እኔም የወጣበትን ቀን ከስሙ ጎን ጻፍኩ። ያን ቀን ሌላ ሥራ አልሠራሁም።

ከዓመት በላይ ቆይቶ አንድ ቀን ተመለሰ። ከተማ ውስጥ ሌላ የእንጨት ሥራ ቤት ሰው ይፈልጋል መባሉን ሰምቶ ነው፤ መጋዝ ላይ መሥራቱን የሚመሰክር ወረቀት ጠየቀኝ። ባለቤቱን አስፈቅጄ ከመዝገቡ እያየሁ ጻፍኩለት፤ ከፋሲካ እስከ መስቀል፣ ከፋሲካ እስከ መስቀል፣ በመጨረሻ ከኅዳር እስከ ክረምት መግቢያ። ያን ባዶ ወቅት ዘለልኩት። ባለቤቱ ትንፋሻቸውን ይዘው ፈረሙ።

«አንብቢልኝ» አለ። አነበብኩለት። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ።

«አጭር ነው» አለኝ።

«የሠራኸው ይህን ያህል ነው።»

«አራት ዓመት ነው እኮ» አለና ተወው። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ፤ በር ላይ ከወንድሙ ጋር ረዘም ላለ ጊዜ ቆመው ተጫወቱ፣ ትንሹ እስከ ፌርማታው ሸኘው። ሥራውን አግኝቶ እንደሆነ በማግሥቱ ትንሹን ጠየቅሁት። «ወረቀቱን ተቀብለውታል፤ እንልክብሃለን ብለውታል» አለኝና በግራ እጁ እርሳሱን አንሥቶ የሚገባውን ጣውላ መቁጠር ጀመረ።